የማታ መግቢያ

በ2001 ዓ.ም. ሚያዝያ ሲብት ነገሩ እንዲህ ነበር። ሚስጥር ስድስት ዓመት ከአንድ ወር ሆኗታል። ቁመቷ መቶ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ አሥራ አምስት ኪሎ ተኩል ነው። ሃያ የወተት ጥርሶች አሏት፤ ከሃያው አራቱ ጠቁረዋል፣ ከአራቱም ሁለቱ እስከ ድዱ ድረስ ተበልተዋል። ምሳዋን ግማሽ ትበላለች፣ እራቷን አትበላም። የቤታቸው ግቢ ሲቀላ ሰፈር፣ ከኩልፎ ወንዝ ድልድይ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ነው። በግቢው አንድ ማንጎና ሁለት ፓፓያ አሉ፤ አጥሩን ተከትለው ደግሞ ስድስት የሽፈራው ዛፎች ተተክለዋል። ማንጎው ሲያፈራ ፍሬው ሥሩ ወድቆ ንብ ይወረዋል፤ ሚስጥር ግን ዘወር ብላም አታየው።

ማታ ማታ አባቷ ከወንዝ ሲመለስ፣ የግቢውን በር ከፍታ ወደ እሱ ትሮጣለች። አባቷ ሸዋንዳኝ እርምጃ መቁጠር ልማዱ ስለሆነ የሚገናኙበትን ቦታ ያውቀዋል። ከበሩ ሃያ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ የባጃጅ ጎማ የቦረቦረው ጉድጓድ አጠገብ ነው።

ሸዋንዳኝ የውሃ ሰው ነው። ተወልዶ ያደገው ደብረ ሲና ብርድ ውስጥ ቢሆንም፣ ለመሥሪያ ቤቱ የኩልፎን ልክ ማንበብ ከጀመረ አሥራ አራት ዓመት አልፎታል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አንዴ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት አንዴ፣ ከድልድዩ በታች ይወርድና ውሃው ውስጥ የቆመውን የብረት ሰሌዳ ያነባል። ያነበበውን እዚያው ቆሞ ይጽፋል። «በኋላ እጽፈዋለሁ ያልከው ቁጥር ያንተ እንጂ የወንዙ አይደለም» ይላል።

ከሁለት ዓመት በፊት ደራሽ ውሃ ያመጣው ግንድ ሰሌዳውን ገጭቶ ሰባት ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎት ነበር። አራት ወር ሙሉ ማንም አላወቀም፤ እሱም አላወቀም። ሲደርስበት ቁጭ ብሎ የአራት ወሩን ንባብ ገጽ በገጽ አረመ። ለአለቃውም «ዜሮው ከተናጋ በኋላ የምታነበው ሁሉ ትክክል ይመስላል፤ ክፋቱ እሱ ነው» አለው።

ሚስቱ ሊሻን የጨንቻ ልጅ ናት፤ በረንዳው ላይ በዘረጋችው መኪናዋ ልብስ ትሰፋለች። ከመኪናዋ አጠገብ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ያደረገችው ክብ ቆርቆሮ አለ። ቁልፎቹ ከታች ናቸው፤ ከላይ ብስኩት አለ። ደንበኛ ልብስ ሊለካ ሲመጣ ሚስጥር ከነዘነዘች ሊሻን ዓይኗን ከሜትሩ ሳታነሳ ቆርቆሮውን በእግሯ ትገፋላታለች።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መግቢያው ነበር። ሸዋንዳኝ ወንዙን ለክቶ ሲመለስ ሰዓቱ ራሱ ከእንቅልፍና ከንቃት መሃል ያለ ይመስላል። ሙዝ የጫኑ ጋሪዎች ድምፃቸው ቀድሞ፣ አካላቸው ዘግይቶ ይመጣል። የዓባያ ሐይቅ ቅላት ወደ ሰማይ የወጣ ይመስል አቧራው ሁሉ ይቀላል። እሱም እትዬ ወለቴ ሱቅ ጎራ ይልና ሁለት ነገር ይገዛል፤ አንድ ከረሜላ፣ አንድ ብስኩት። ልጅቱ ጉድጓዱ አጠገብ ስትደርስ «መግቢያዬስ?» ትላለች። እሱ የግራ ኪሱን ይመታል፤ ባዶ ነው። የቀኝ ኪሱን ይመታል፤ እሱም ባዶ ነው። ከዚያ አንገቱን ይደፋና «ዛሬስ እንግዲህ ውጭ ማደሬ ነው» ይላል። እሷ ዘላ የደረት ኪሱ ውስጥ እጇን ትከታለች። ያኔ ብቻ ወደ ቤት እንዲገባ ይፈቀድለታል።

ሊሻን አንድ ሁለቴ «እራቷን እየዘጋህባት ነው» ብላው ነበር።

«መግቢያ እኮ ምግብ አይደለም» አላት።

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«መግቢያ ነዋ!»

በሚያዝያ ሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት ሚስጥር ሻይዋን አንዴ ፉት ብላ ጮኸች። ጉንጯ አብጧል። ሸዋንዳኝ አቅፏት በባጃጅ ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ሴቻ ጤና ጣቢያ ወጣ። የጥርስ ክፍሉ መስኮት ወደ ታች ያያል። ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም፤ ሁለቱ ሐይቆች፣ ዓባያና ጫሞ፣ መሃላቸው ካለው ተራራ ጋር ነጭ ነገር ላይ ተንጠልጥለዋል። ሚስጥር አፏን ከፍታ፣ ዓይኗን ጫሞ ላይ ተክላ፣ ሳታለቅስ ሁለቱን የተበሉ ጥርሶች አስነቀለች።

ሲስተር እጅጋየሁ ባትሪዋን አበራች። «አባት፣ እዚህ ጋ ይዩልኝ» አለችው።

ጎንበስ አለ። ከጠቆሩት ጥርሶች ኋላ፣ ድዱን ሰንጥቃ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ወጥታለች።

«ይቺ አዲስ ናት። የወተት አይደለችም፤ መንጋጋ ናት። ሌሎች ሦስትም በየማዕዘኑ እየመጡላት ነው። እነዚህ ከሄዱ ሌላ አይተካቸውም። ጎረቤቶቻቸው በዚህ ከቀጠሉ እነዚህም ለገና አይቆዩ።» ከዚያ ባትሪዋን አጠፋችና «ከምግብ ውጭ ምን ምን ትበላለች?» አለችው።

«እምብዛም ነው።»

«እምብዛም ስንት ነው?»

ሸዋንዳኝ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ወንዙን «እምብዛም ነው» ብሎ ጽፎ አያውቅም።

«ሁለት ሳምንት ይጻፉልኝ» አለችው ሲስተር እጅጋየሁ። «ያዩትን ሁሉ።»

ሚስጥር የተነቀሉትን ጥርሶች በጥጥ ጠቅልላ ወደ ቤት ይዛ ገባች። ጣራ ላይ ሊወረወሩ ነው፤ ቁራ አሮጌውን ወስዶ አዲስ እንዲሰጣት። ክንዷን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች፣ ከዚያ መለሰችው።

«አባዬ፣ ቁራው ጥቁር ጥርስ ይወስዳል?»

«ራሱስ ጥቁር አይደል?»

«እና ጥቁር ቢመልስልኝስ?»

እጇን ይዞ አብሯት ወረወረ። ጥርሶቹ የጣራው ቆርቆሮ ላይ ሁለቴ ነጥረው ጸጥ አሉ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት፣ ሙቀቱ ቅጠል ሁሉ ዝም ሲያሰኝ፣ ሸዋንዳኝ በረንዳው ላይ ሸለብ አደረገው። ኩልፎ ቆሞ አየ። አይፈስም፤ እንደ ማር ወፍሯል፣ ቀይ ነው፣ ይጣፍጣል። ሰሌዳውን ሊያነብ ሲጠጋ በቁጥሮቹ ፋንታ ትናንሽ ጥርሶች ተደርድረዋል። እርሳሱን ሲያነሳ አንዱ ወደቀ። ሲጽፍ ሌላው ወደቀ። የሊሻን መኪና ድምፅ ቀሰቀሰው፤ ልቡ እንደዚያ መኪና ይመታ ነበር።

በማግስቱ አዲስ ደብተር አሰመረ። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን፣ ከማን። ዓይኑ ያየውን ሁሉ፣ እሱ ሥራ ሲሄድም ልጅቱ የነገረችውን ሁሉ፣ ሳያዳላ ጻፈ። አሥራ አራት ቀን አልፎ ሲደምረው አርባ አንድ ሆነ። አሥራ ሰባቱ ከቁልፉ ቆርቆሮ ነው። አሥራ አራቱ ከእትዬ ወለቴ የተሰጠ የምርቃት ከረሜላ ነው። አራቱ ለስላሳ፣ ስድስቱ ከጎረቤትና ከእንግዳ። ለሊሻን አሳያት።

«አሥራ ሰባት ብለህ ስትጽፍብኝ እጅህ አልተንቀጠቀጠም?»

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«እሺ፣ እኔ ቆርቆሮዬን እዘጋለሁ» አለች፤ ክሩን በጥርሷ በጠስ አድርጋ። «ግን ይሄ ደብተርህ አንድ ነገር ጎድሎታል።»

«ምን ይጎድለዋል? ሁሉም አለበት።»

«እንጃ፤ አንተ ነህ የልክ ሰው» አለችና መኪናዋን ቀጠለች።

ሸዋንዳኝ ግን ልቡ እትዬ ወለቴ ላይ ነበር። አሥራ አራት ቀን፣ አሥራ አራት ምርቃት። ደብተሩን ይዞ፣ ልጅቱን በሌላ እጁ ይዞ፣ ሱቃቸው ሄደ። እትዬ ወለቴ ስድሳ አልፏቸዋል፤ በመስኮታቸው ልክ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ እንዲያው አይቀየሙኝና፣ ለልጅቱ በየቀኑ የሚሰጧትን ከረሜላ ቢተዉልኝ። ጥርሷ አለቀ።»

«እኔ?» ምስሩን አስቀመጡ። «እኔ ለልጅህ ከረሜላ ሰጠሁ?»

«አሥራ አራት ጊዜ። ይኸው ተጽፏል።»

«ተጽፏል!» ሳቃቸው ሱቁን ሞላው። «አንተ ሰው፣ ምርቃት ምንድን ነው? ለገዢ ነው የሚመረቀው! መሬት ላይ እበትነዋለሁ እንዴ? ለመሆኑ ገዢው ማነው?»

ሸዋንዳኝ ደብተሩን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«በየማታው እዚች መስኮት ላይ "አንድ ከረሜላ፣ አንድ ብስኩት" የሚለው ማነው? እኔ ነኝ? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ! በል ደብተርህን አምጣው፣ እሱን የት ጻፍከው?»

እዚህ ላይ ሚስጥር ለአባቷ አዘነችለት። ሱሪውን ይዛ ቀድማው መለሰች። «እትዬ፣ መግቢያ እኮ አይጻፍም። መግቢያ ምግብ አይደለም፤ አባዬ ራሱ ነው ያለው።»

ጋሪ አለፈ። አቧራው እስኪሰክን ሸዋንዳኝ ደብተሩን ገልጦ ቆመ። ዓምዶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ድምሩ ልክ ነው፣ አንድ ስርዝ የለበትም። ግንድ ገጭቶ ዝቅ ያደረገውን ሰሌዳ አስታወሰ። እርሳሱን ከደረት ኪሱ ሲያወጣ አንድ ብስኩት አብሮ ወጣ። ከገጹ አናት ላይ ጻፈ፦ «ማረሚያ፤ በየቀኑ ሁለት ይደመር።» ድምሩ ስድሳ ዘጠኝ ሆነ። ከስድሳ ዘጠኙ ሃያ ስምንቱ ከእሱ እጅ ነው። ምርቃቱንም ወደ እሱ ቢያዞሩት አርባ ሁለት ይሆናል። ምርቃቱንም አዞረው።

ማታውን ሊሻን ማረሚያውን አነበበች። ትስቅበታለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልሳቀችም።

«ተወዋ» አለችው።

«ቀላል ነው?»

«ምን ይከብዳል? ኪስ ነው።»

«ባዶ እጄን ብመጣ አትወጣልኝም፣ ሊሻን።»

ከዚህ በፊት ነግሯት የማያውቀውን ያኔ ነገራት። አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ደብረ ሲና ያድራል። ሸዋንዳኝ የአባቱን ፊት አያስታውሰውም። የሚያስታውሰው የካፖርቱን ኪስ ነው፤ ናፍጣና ስኳር ይሸታል፤ ጥልቀቱ እስከ ክንዱ ነበር። «ባዶ እጅ ቤት አያስገባም» ይል ነበር አባቱ። አንድ ጊዜ ሄደ፣ አልተመለሰም። ልጁም ብዙ ዓመት፣ አባቱ የቀረው ኪሱ ባዶ ሆኖበት መስሎት ኖረ።

ሊሻን ደብተሩን ዘግታ መለሰችለት። «እሷ ግን ፊትህን ታውቀዋለች» አለችው።

በማግስቱ ባዶ እጁን ሄደ። ሚስጥር ሃያ ሦስት እርምጃ ሮጣ መጣች። «መግቢያዬስ?» ግራ ኪስ። ቀኝ ኪስ። ዘላ የደረት ኪሱ ውስጥ እጇን ከተተች፤ እርሳስ ብቻ ነው። እንደገና ገባች፤ እንደገና እርሳስ። ፊቱን አየችው፣ ቀልድ እንዳልሆነ ገባት፣ ዞራ በእርምጃ ተመለሰች። በሁለተኛው ቀን በሩ ድረስ ብቻ መጣች። በሦስተኛው ቀን አልወጣችም፤ ከውስጥ ለእናቷ «መጣ» ስትል ብቻ ሰማት። «አባዬ» አላለችም፤ «መጣ» ነው ያለችው።

ሸዋንዳኝ ይህንንም ጻፈው። ሃያ ሦስት። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።

በስድስተኛው ቀን እግሩ ወደ እትዬ ወለቴ መስኮት ወሰደው። ገዛ። ሚስጥር ከኮቴው አውቃ ነው መሰል፣ ጉድጓዱ ድረስ በረረች፤ ዓለም ሁሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። ደስታው ግን እስከ እራት አልቆየም። እራቱ ሳይነካ ቀረ። ባትሪውን ይዞ «አፍሽን ክፈቺ» አላት። ነጯ ፍሬ አድጋለች፤ ብስኩቱ እንደ ጭቃ ለጥፎባታል። ደብተሩ ላይ «ሁለት፤ ከእኔ» ብሎ ጻፈ፣ እስከዚያ ቀን ከጻፈው ቁጥር ሁሉ ይህ ከበደው።

ግንቦት በገባ በአምስተኛው ቀን በላይኛው አገር ሲዘንብ ዋለ። ሲቀላ ላይ ጠብታ የለም፤ ሰማዩ ንጹሕ ነው፤ ኩልፎ ግን ከሩቅ እንደ ሕዝብ ያጉረመርም ነበር። ሸዋንዳኝ ሲወርድ ውሃው የሙዝ ግንድ ተሸክሞ ቡናማ ሆኖ ይንከባለላል። ቁጥሩን ለማንበብ እስከ ወገቡ ገባ። ቤት የደረሰው አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ነው፤ ከሱሪው ውሃ እየተንጠባጠበ።

ሚስጥር በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። አልተነሳችም።

«ለምን ረጠብክ?»

«ኩልፎ ሞልቶ።»

«በጣም?»

«ዘጠና አራት።»

«ዘጠና አራት በጣም ነው?»

ሸዋንዳኝ አሰበ። ቁጥሩን ለመሥሪያ ቤት እንጂ ለሰው አስረድቶ አያውቅም። የሊሻንን ሜትር ከመኪናው ላይ አነሳና «ነይ ቁሚ» አላት። በሩ መቃን ላይ አስደግፎ ከተረከዟ ጀምሮ ለካ። ሜትሩ ወጣ፣ ጉልበቷን አለፈ፣ እምብርቷን አለፈ፣ ደረቷን፣ አገጯን አለፈ።

«እዚህ» አላት። ጣቱ ከንፈሯ ላይ ነበር።

ሚስጥር ዓይኗን ጨፈነች። አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች፣ በአፍንጫዋ ብቻ በቀስታ ተነፈሰች። በረንዳው ላይ ማንም አልተነቃነቀም። ከወንዙ የመጣ የሚመስል ቅዝቃዜ በእግሮቻቸው መሃል አለፈ፤ የማንጎው ጥላ እንደ ውሃ ግድግዳው ላይ ተወዛወዘ። ልጅቱ እስከ ከንፈሯ ኩልፎ ውስጥ ቆማ ነበር።

«ዓሣ ነካኝ» አለች፣ ጥርሷን እንደገጠመች።

«አፍሽን ዝጊ፣ ይገባብሻል!» አለቻት ሊሻን፤ መኪናዋን አቁማ ታያቸው ነበር።

በማግስቱ ማታ ሚስጥር በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ስለ ኪስ አላነሳችም። «የት ደረሰ?» አለችው።

«ሰባ ስምንት።»

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እዚህ?»

«ትንሽ ዝቅ።»

«ወርዷላ!» አለች፣ ከጎርፍ የተረፈ ሰው በሚያሰማው ድምፅ።

ከዚያ በኋላ በየማታው ወንዙ እሷ ላይ ይለካ ጀመር። ጉልበት የሚደርስባቸው ቀኖች ያናድዷታል፤ «ምን ዓይነት ሰነፍ ወንዝ ነው» ትላለች። ሊሻን ቆርቆሮው ውስጥ ቁልፍ ብቻ አስቀረች። ደንበኛ ሲመጣ ሚስጥር የሜትሩን ጫፍ ይዛ ትቆማለች፤ የትኛዋ ሴት እስከ የት እንደምትሰምጥም ለደንበኞቹ ትነግራለች። «አቶ ሸዋንዳኝ ልጁን ቁጥር ነው እንዴ የሚያበላት?» ይላሉ እትዬ ወለቴ፤ ገበያቸው ትንሽ ቢቀንስም አልተቀየሙም። ማንጎውን ማን እንዳስጀመራት አልታወቀም። አንድ ከሰዓት ከዛፉ ሥር፣ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቢጫ ሆኖ ተገኘች። ንቦቹ ዙሪያዋን ይዞራሉ፣ አይነድፏትም።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም። ሻይዋን አሁንም ስኳር አብዝታ ትጠጣለች። ሸዋንዳኝም በአምስት ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ተሸንፏል፤ አንዱ ትምህርት ቤት የገባችበት ቀን ነው፣ ሌሎቹ ስምንቱ ምክንያት የላቸውም። ዘጠኙም በስሙ ተጽፈዋል።

ጥቅምት 2002 ዓ.ም. በአሥረኛው ቀን ሲስተር እጅጋየሁ ባትሪዋን አበራች። ቁመት መቶ አሥራ ሁለት፤ ክብደት አሥራ ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ከጠቆሩት የቀሩት ሁለቱ ተሞልተዋል። መንጋጋዎቹ አራቱም ሙሉ በሙሉ ወጥተዋል።

«አባት፣ ይዩልኝ።»

ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አየ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመው። ምንም ነጥብ አልነበረባቸውም።

«ቁራው ነጭ ነው የመለሰልኝ?» አለች ሚስጥር አፏን እንደከፈተች።

በማግስቱ ማታ ሸዋንዳኝ ወንዙን ለክቶ፣ በእትዬ ወለቴ መስኮት በኩል ሰላምታ ሰጥቶ አለፈ። አቧራው ቀልቷል፤ የጋሪዎቹ ድምፅ ቀድሞ ይመጣል። ጉድጓዱ ገና አልታየውም ነበር የልጅቱን እግር ሲሰማ። ቤት ገብቶ የጻፈው ይህ ነው፦ ጥቅምት 11 ቀን፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ኩልፎ፣ ሰባ አንድ ሳንቲ ሜትር፣ ከእምብርቷ አራት ጣት ከፍ ብሎ። ከበሩ እስከተገናኘንበት ቦታ፣ ሃያ ስምንት እርምጃ።